ከሰው ቀድመው የሚጠልቁ ዓይኖች፦ የውኃ ውስጥ ካሜራዎች ምንነት፣ አሠራርና አገልግሎት

ባሕር ዳር፦ ክረምቱ አልፎ የበጋ መስኖ ሊጀመር ነው እንበል። አርሶ አደሩ ማሳውን አለስልሶ፣ ቦዩን ጠርጎ ውኃ ይጠብቃል። የግድቡ የውኃ ማስወጫ በር ግን አልከፈት አለ። ከላይ የሚታየው የረጋ ውኃ ብቻ ነው። በሩን ደለል ተጭኖት ይኾን? ጎርፍ ያመጣው ግንድ ተሰንቅሮበት ይኾን? ወይስ ብረቱ ራሱ ተጣሞ? ለዚህ ጥያቄ ለረጅም ዘመን የነበረው መልስ ሰው ጠልቆ እንዲያይ ማድረግ ወይም የተጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስ ነበር። የመጀመሪያው የሰው ሕይወትን፣ ሁለተኛው የአንድ ወቅት ምርትን አደጋ ላይ ይጥላል።

ዛሬ ሌላ መንገድ አለ። በእጅ መዳፍ የሚያዝ፣ ግፊትንና ግጭትን የሚችል ካሜራ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ በጠላቂ ዋናተኛ ጭንቅላት ላይ ታስሮ ወይም በሰው አልባ የውኃ ውስጥ ተሽከርካሪ ላይ ተገጥሞ ወደ ታች ይወርዳል። ያየውንም ከላይ ለቆመው ባለሙያ ያሳያል። እነዚህ ካሜራዎች በውቅያኖስ ፍለጋና በነዳጅ ሥራ ያደጉ ቢኾንም ግድብ፣ ሐይቅና ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ላለው ማኅበረሰብም የሚበጁ ናቸው።

ምን ዓይነት ካሜራዎች ናቸው?

የውኃ ውስጥ ካሜራዎች በአጠቃቀማቸው በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ ጠላቂ ዋናተኞች በእጃቸው የሚይዟቸው ወይም በጭንቅላት መከላከያቸው ላይ የሚያስሯቸው ናቸው። ምስሉን በውስጣቸው ባለ ማኅደረ ትውስታ ይይዛሉ። በሙያ ሥራ ላይ የሚውሉት ደግሞ በኬብል አማካኝነት ወደ ላይ የሚያስተላልፉ ናቸው።

ሁለተኛዎቹ በውኃ ውስጥ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚገጠሙ ናቸው። ተሽከርካሪዎቹም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ባለሙያው ከጀልባ ወይም ከዳር ኾኖ በኬብል የሚመራው ሲኾን በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ አር ኦ ቪ ተብሎ ይጠራል። ሌላው አስቀድሞ በተሰጠው ትዕዛዝ መሠረት ያለ ኬብል በራሱ የሚጓዝ ነው።

ሦስተኛዎቹ በገመድ ወይም በኬብል ብቻ ቀጥ ብለው የሚወርዱ ናቸው። የጥልቅ ጉድጓድ መመርመሪያ ካሜራ ከእነዚህ ወገን ነው። በአሠራር ቀላል፣ በዋጋም ከተሽከርካሪዎቹ ያነሱ ናቸው።

ከየት ተነሡ?

ውኃ ውስጥ ፎቶግራፍ የማንሳት ሙከራ ከ160 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። እ.አ.አ በ1856 ዊልያም ቶምፕሰን የተባለ እንግሊዛዊ ካሜራን በሳጥን አሽጎ በዌይማውዝ ባሕር ዳርቻ ወደ ውኃ አወረደ። ውኃ ወደ ሳጥኑ ቢገባም ደብዘዝ ያለ ምስል ማግኘት ችሏል። የማሸግ ችግር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነበረ መኾኑን ይህ ሙከራ ያሳያል።

እ.አ.አ በ1893 ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሉዊ ቡታን በደቡብ ፈረንሳይ ባንዩልስ ሱር ሜር በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ራሱ ጠልቆ ፎቶግራፍ አነሳ። መሣሪያው እጅግ ከባድ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አንድ ምስል ለማግኘት እስከ 30 ደቂቃ ካሜራውን ከፍቶ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር፤ ውኃው የሚያሳልፈው ብርሃን አነስተኛ ነውና። እ.አ.አ በ1926 ቻርለስ ማርቲንና ዊልያም ሎንግሊ በአሜሪካ ፍሎሪዳ አካባቢ የመጀመሪያውን የውኃ ውስጥ ባለቀለም ፎቶግራፍ አነሱ። ብርሃኑን ያገኙት በውኃው ላይ በተንሳፈፈ መደብ የማግኒዚየም ዱቄት በማቀጣጠል ነበር።

ካሜራው በእውነት ትንሽና ጠንካራ የኾነው በ1960ዎቹ ነው። ቤልጂየማዊው መሐንዲስ ዣን ደ ዉተርስ ለባሕር አሳሹ ዣክ ኩስቶ ሥራ የሚኾን፣ ሌላ ማሸጊያ ሳጥን የማይፈልግ፣ አካሉ ራሱ ውኃ የማያስገባ ካሜራ ነደፈ። በኩስቶ መርከብ ስምም "ካሊፕሶ" ተባለ። የጃፓኑ ኒኮን ኩባንያ እ.አ.አ በ1963 "ኒኮኖስ" በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። ለአራት አስርት ዓመታት ገደማም የጠላቂዎች የሥራ መሣሪያ ኾኖ ቆይቷል።

ሰው ሊደርስበት በማይችለው ጥልቀት ካሜራው ለብቻው መጓዝ ነበረበት። እ.አ.አ መስከረም 1 ቀን 1985 በ3 ሺህ 800 ሜትር ጥልቀት ላይ የምትገኘው ታይታኒክ መርከብ ስብርባሪ የታየችው "አርጎ" በተባለ፣ በመርከብ እየተጎተተ በሚሄድ ባለካሜራ መሣሪያ ነው። እ.አ.አ በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የነዳጅ ጉድጓድ ፈንድቶ ለ87 ቀናት ሲፈስ ዓለም ሁኔታውን በቀጥታ የተመለከተው ተሽከርካሪዎቹ ላይ በተገጠሙ ካሜራዎች ነበር። እ.አ.አ በ2012 ጄምስ ካሜሮን ከ10 ሺህ 900 ሜትር በላይ ወደኾነው የማሪያና ገደል ሲወርድ ለጉዞው የተሠሩ ትንንሽ ካሜራዎች አብረውት ወርደዋል። እ.አ.አ በ1915 በአንታርክቲካ በረዶ ተጨፍልቃ የሰመጠችው ኢንዱራንስ መርከብም እ.አ.አ በመጋቢት 2022 በ3 ሺህ 8 ሜትር ጥልቀት ተገኝታ ምስሏ ለዕይታ በቅቷል።

ትንሽነት ለምን ጥንካሬ ይኾናል?

ውኃ ከባድ ነው። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ጫና ይጨምራል። ይህን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በ100 ሜትር ጥልቀት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የካሜራ መስኮት የሚሸከመው ጫና 785 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ወደ ስምንት ኩንታል እህል መኾኑ ነው። የመስኮቱ ስፋት ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ጫናው ወደ ሁለት ኩንታል ይቀንሳል። 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢኾን ደግሞ ከ32 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ጫናው በሩብ ይቀራል ማለት ነው።

ካሜራዎቹ እንዲያንሱ የሚደረገው ስለዚህ ነው። ያነሰ አካል የሚሸከመው ጫና ያነሰ በመኾኑ ግድግዳው ስስ፣ ክብደቱ ቀላል፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ሊኾን ይችላል። ቅርጹም ብዙ ጊዜ እንደ ቧንቧ ክብ ነው፤ ክብ ቅርጽ ጫናውን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያካፍላል። ጠፍጣፋና ማዕዘን ያለው ሳጥን ግን በመሐሉ ወደ ውስጥ ይጎብጣል።

የአካሉ መሥሪያ እንደ ጥልቀቱ ይለያያል። ለጥቂት ሜትሮች ጠንካራ ፕላስቲክ ይበቃል። ለመቶ ሜትሮች አሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት፣ ለሺህ ሜትሮች ደግሞ ታይታኒየም ይመረጣል። መስኮቱም ከአክሪሊክ፣ ከወፍራም መስታወት ወይም ለመቧጨር ከማይበገረው ሰው ሠራሽ ሰንፔር ይሠራል።

ኾኖም ከሁሉም በላይ ወሳኙ ክፍል በዋጋም በመጠንም ትንሹ ነው። እርሱም ኦሪንግ የሚባለው የማሸጊያ ጎማ ቀለበት ነው። ጎማው በሁለት ብረቶች መካከል ተጨፍልቆ ክፍተቱን ይዘጋል። የውኃው ግፊት ሲጨምር ጎማውን ወደ ክፍተቱ ይበልጥ ስለሚገፋው እሽጉ ይጠነክራል። በጎማው ላይ አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ካረፈች ግን ውኃ የሚገባበት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። አብዛኛው ካሜራ የሚበላሸው በጥልቀት ብዛት ሳይኾን በዚህ ቸልተኝነት ነው።

ብርሃን፣ ቀለምና ድፍርስ ውኃ

ውኃ ብርሃንን ይውጣል፤ ሁሉንም ቀለም ግን እኩል አይውጥም። በቅድሚያ የሚጠፋው ቀይ ነው። በንጹሕ ውኃ ውስጥ እንኳ ጥቂት ሜትሮች እንደወረዱ ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ ጥለቱ ጠቁሮ ይታያል። ብርቱካናማና ቢጫ ይከተላሉ። በጠራ ውኃ ውስጥ እስከ ታች የሚዘልቀው ሰማያዊ ነው። ስለዚህ የውኃ ውስጥ ካሜራ የራሱን መብራት ይዞ መውረድ አለበት። አሁን የሚያገለግሉት ኤል ኢ ዲ የሚባሉት መብራቶች ትንሽ ኃይል ወስደው ብዙ ብርሃን ስለሚሰጡ ካሜራው እንዲያንስ ረድተዋል።

መብራት ብቻውን ግን ድፍርስ ውኃን አያሸንፍም። ሌሊት አቧራ ወይም ጉም በተነሣበት መንገድ የሚነዳ ሹፌር ረጅሙን መብራት ሲያበራ ይበልጥ ይጋረድበታል። በደለል የተሞላ ውኃ ውስጥም የሚኾነው ይህ ነው፤ ብርሃኑ በደለሉ ቅንጣቶች ላይ አርፎ ወደ ሌንሱ ይመለሳል፤ ምስሉም በነጭ ነጠብጣብ ይሸፈናል። ባለሙያዎች ለዚህ ሦስት መላ አላቸው።

የመጀመሪያው መብራቱን ከሌንሱ አርቆ በጎን በኩል አዘንብሎ ማሰር ነው። ሁለተኛው ካሜራውን ወደሚታየው ነገር በጣም ማስጠጋት ነው፤ በመሐሉ ያለው ድፍርስ ውኃ ባነሰ ቁጥር ምስሉ ይጠራል። ሦስተኛው በሌንሱ ፊት ንጹሕ ውኃ የተሞላ ግልጽ ሳጥን ወይም ከረጢት ማድረግ ነው። ሳጥኑ ከግድግዳው ጋር ሲገናኝ ድፍርሱን ገፍቶ ካሜራው በንጹሕ ውኃ አሻግሮ እንዲያይ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ካሜራው ቦታውን ለሶናር ይለቃል። ሶናር በብርሃን ፋንታ ድምፅ ልኮ የሚመለሰውን በመስማት የነገሩን ቅርጽ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሶናሩ ከሩቅ ያገኘውን ነገር ካሜራው ተጠግቶ ምንነቱን ይለያል።

ሌላው ውኃ የሚያደርገው ነገር ማሳሳት ነው። ብርሃን ከውኃ ወደ መስታወትና አየር ሲሻገር ስለሚታጠፍ በጠፍጣፋ መስኮት የሚታይ ነገር ከእውነተኛ ርቀቱ ሦስት አራተኛው ላይ ያለ ይመስላል፤ መጠኑም በሲሶ ገደማ ጎልቶ ይታያል። ካሜራው የሚሸፍነው ስፋትም ይጠባል። ጎድጎድ ያለው የወንዝ መሻገሪያ ከላይ ሲታይ ጥልቀት የሌለው የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በዓይኑ ለክቶ የገባ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። በካሜራ ላይ ችግሩን ለማቃለል እንደ ጉልላት የተጎበጠ መስኮት ይገጠማል። የስንጥቅን ስፋት በትክክል ለመለካት ደግሞ ርቀታቸው የታወቀ ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ የሌዘር ጨረሮች ይበራሉ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር መኾኑ ከታወቀ የስንጥቁ መጠን ከዚያ ጋር ተነጻጽሮ ይሰላል።

ምስሉ እንዴት ወደ ላይ ይወጣል?

በአየር ላይ የሚበር ድሮን ምስሉን በሬዲዮ ሞገድ ይልካል። በውኃ ውስጥ ግን የሬዲዮ ሞገድ ብዙ ሳይጓዝ ይዋጣል። ዋይ ፋይ፣ የሞባይል ኔትወርክና አቅጣጫ ጠቋሚው ጂ ፒ ኤስ ከውኃው ወለል በታች አይሠሩም። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች ኬብል ይጎትታሉ። ኬብሉ ትዕዛዝን ወደ ታች፣ ምስልን ወደ ላይ ያመላልሳል፤ በአንዳንዶቹም የኤሌክትሪክ ኃይል ያቀርባል።

ትንንሾቹ ተሽከርካሪዎች በአንድ ወይም በሁለት ሰው የሚነሱ ናቸው። ለምሳሌ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚገኘው ብሉ ሮቦቲክስ የሚሠራው "ብሉ አር ኦ ቪ 2" በመደበኛ አሠራሩ እስከ 100 ሜትር የሚጠልቅ ሲኾን ካሜራው በጉልላት መስኮት ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘነበላል። ባለሙያው ከዳር ተቀምጦ በኮምፒውተር ስክሪን እያየ ይመራዋል። ኬብሉ ግን ጣጣም አለው። በሰመጠ ዛፍ ወይም በአሣ መረብ ከተጠላለፈ ተሽከርካሪው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ሲመራ ሌላው ኬብሉን እየለቀቀና እየሰበሰበ ሊቆጣጠር ይገባል።

ግድብና የጠላቂው ሕይወት

"ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" እንዲል ሀገሬው፣ በግድብ ውስጥ ትልቁ አደጋ ከላይ አይታይም። በአንድ በኩል ብዙ ውኃ፣ በሌላ በኩል ባዶ ቧንቧ ባለበት ቦታ ትንሽ ክፍተት ሲኖር ውኃው ሁሉ ወደዚያ ይስባል። ጠላቂው ወደ ክፍተቱ እስኪጠጋ ድረስ ስበቱ ላይሰማው ይችላል። ሲሰማው ግን ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። ከውኃው ወለል 10 ሜትር በታች ወርዱም ቁመቱም 30 ሴንቲ ሜትር የኾነ ክፍተት ቢኖር በክፍተቱ ላይ የተለጠፈ ሰው የሚያርፍበት ጫና 900 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ዘጠኝ ኩንታል ማለት ነው። ይህን የሚያላቅቅ የሰው ጉልበት የለም። ጠላቂውን ለማዳን የሚገባ ሌላ ጠላቂም ለተመሳሳይ አደጋ ይጋለጣል። በልዩ ልዩ ሀገራት በግድብና በቧንቧ ሥራ ላይ ጠላቂዎች ሕይወታቸውን የሚያጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለዚህ ጥንቃቄ የተሞላበት አሠራር ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ በሮች ይዘጋሉ፤ ማንም እንዳይከፍታቸውም ይቆለፋሉ። ቀጥሎ ካሜራ የያዘ ተሽከርካሪ ይወርዳል። ስበት ካለ፣ ፍርግርጉ በግንድና በቅጠል ከተደፈነ ወይም ብረቱ ከተጣመመ ያሳያል። ሰው የሚገባው የእጅ ሥራ የግድ ሲኾንና አካባቢው አስተማማኝ መኾኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ተሽከርካሪው ተስቦ ቢቀር የጠፋው ንብረት ነው።

በኢትዮጵያ የካሜራው አቅም እንደየግድቡ ሊመረጥ ይገባል። በሰሜን ሜጫ የሚገኘው የቆጋ ግድብ 7 ሺህ ሄክታር ለማልማት የተሠራ የመስኖ ግድብ ነው። በእንዲህ ያለ ግድብ ለማየት አስቸጋሪው ከጥልቀቱ ይልቅ ደለሉ ነው። 188 ሜትር ከፍታ ባለው የተከዜ ግድብ ዓይነት ግንባታ ግን ወደ ግርጌው የሚወርድ መሣሪያ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ10 ኪሎ ግራም በእጅጉ የሚበልጥ ግፊት ሊገጥመው ይችላል። ለመዝናኛ የተሠራ ካሜራ ይህን አይችልም።

ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ

ለገጠሩ ነዋሪ ይበልጥ የሚቀርበው ካሜራ የጥልቅ ጉድጓድ መመርመሪያው ነው። አንድ ጉድጓድ ውኃው ሲቀንስ ወይም ሲደፈርስ ምክንያቱ ብዙ ሊኾን ይችላል። የከርሰ ምድር ውኃው ወርዶ፣ ውኃ የሚያስገባው ቀዳዳማ ቧንቧ በዝገትና በማዕድን ተደፍኖ፣ መከላከያ ቧንቧው ተሰንጥቆ አፈር እያስገባ ወይም ፓምፑ ተበጥሶ ወድቆ ሊኾን ይችላል። ችግሩ ሳይለይ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ውኃ እስኪመለስ ድረስ ጀሪካን አዝለው ወደ ሩቅ ምንጭ የሚመላለሱት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው።

የጉድጓድ ካሜራ እንደ ቀጭን ቧንቧ ረዘም ያለ ነው። በዙሪያው መብራት አለው፤ በጉድጓዱ መሐል እንዲወርድ የሚያደርጉ ክንፎች ይገጠሙለታል። ኬብሉ የሚጠቀለልበት መዘውር ስንት ሜትር እንደወረደ ይቆጥራል። በመኾኑም ስንጥቁ በስንት ሜትር ላይ እንዳለ በትክክል ይታወቃል። አንዳንዶቹ ወደ ታች ብቻ ሳይኾን ዞረው የጎን ግድግዳውን ያያሉ።

ከሥራው በፊት ፓምፑ ይወጣል፤ ውኃው እስኪጠራም ይጠበቃል። የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ከኾነ ካሜራውና ኬብሉ በክሎሪን ሊጸዱ ይገባል። ከአንዱ ጉድጓድ የወጣ ኬብል ሳይጸዳ ወደ ሌላው ቢገባ ብክለትን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ምርመራው ሲያልቅ የተቀረጸው ምስል ለውኃ ኮሚቴውና ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት መሰጠት አለበት። ከዓመታት በኋላ ሌላ ችግር ሲመጣ ያኔ የተቀረጸው ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል።

ሐይቆችና አሣ

ሐይቆች ለካሜራ የሚያቀርቡት ፈተና አንድ ዓይነት አይደለም። ጣና ሐይቅ ሰፊ ቢኾንም ጥልቅ በኾነው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ግፊት ችግር አይደለም፤ ችግሩ ከገባር ወንዞች የሚመጣው ደለል ነው። በአንጻሩ በደቡብ ወሎ የሚገኘው ሐይቅ እስከ 88 ሜትር፣ በአዊ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ ደግሞ ከ160 ሜትር በላይ ይጠልቃሉ። ለጣና የሚበቃ ካሜራ ለዘንገና ወለል ላይበቃ ይችላል፤ ለዘንገና የሚመች ካሜራም በጣና ድፍርስ ውኃ ሊታወር ይችላል።

ውኃው ጥርት ባለባቸው የዓለም ባሕሮች ተመራማሪዎች ማባበያ ምግብ የታሠረበት ካሜራ አውርደው አሣን ሳይገድሉ ይቆጥራሉ። በጣና ይህን ማድረግ እንደ ወቅቱ ነው። በሐይቁ ብቻ የሚገኙት የባርበስ ዝርያዎች ብዙዎቹ ለመራባት በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደመሰሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። አሣው ጥበቃ የሚሻው በዚያ ወቅት ነው፤ ወንዙ በደለል የሚደፈርሰውም በዚያው ወቅት ነው። ካሜራው በጣም በሚፈለግበት ጊዜ ማየት የሚያቅተው መኾኑን አስቀድሞ ማወቅ ያለሥራ ከሚወጣ ወጪ ያድናል። ተፋሰስን አልምቶ ደለልን መቀነስ ለማሳው ብቻ ሳይኾን በሐይቁ ውስጥ ያለውን ለማየትም ይረዳል።

ሌላው ጥንቃቄ ንጽሕናን ይመለከታል። በእምቦጭ የተወረረ ውኃ ውስጥ የዋለ ተሽከርካሪ፣ ኬብልና የጠላቂ ልብስ ወደ ሌላ ሐይቅ ከመሄዱ በፊት ታጥቦ፣ ውኃው ተንጠፍጥፎ በፀሐይ መድረቅ አለበት። የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት መቆየት ይችላልና።

ካሜራዎቹ ውኃ የወሰደውን ሰው ፍለጋም ያግዛሉ። ተሽከርካሪው ሰው ሳይደክም ረጅም ሰዓት መፈለግ ይችላል። የተቀረጸው ምስል ግን የሟችን ክብርና የቤተሰብን ሐዘን የሚነካ በመኾኑ ከፈላጊው አካል እጅ መውጣት የለበትም።

አያያዝና ጥንቃቄ

ካሜራ ሲመረጥ በቅድሚያ መታየት ያለበት የጥልቀት መጠኑ ነው። ሊሠራበት ከታሰበው ጥልቀት በላይ የሚችለውን መምረጥ ይገባል። ቀጥሎ በደካማ ብርሃን የማየት ችሎታው ይታያል። ምስሉ እጅግ ብዙ ነጥቦች ያሉት መኾኑ በድፍርስ ውኃ ብዙም አይጠቅምም፤ በትንሽ ብርሃን ማየት መቻሉ ይበልጣል።

ከመጥለቅ በፊት ኦሪንጉን ሹል ብረት ባልኾነ ነገር አውጥቶ ማየት፣ ፀጉርና አሸዋ መጥረግ፣ አምራቹ ያዘዘውን ቅባት በስሱ መቀባት ያስፈልጋል። የመኪና ግሪስ አንዳንዱን ጎማ ሊያሳብጥ ስለሚችል በግምት መጠቀም አይገባም። የተቆረጠ ወይም የደረቀ ጎማ መለወጥ አለበት። ከዚያም ካሜራው ሳይገባ በባዶ ማሸጊያው ውስጥ ደረቅ ሶፍት አድርጎ በባልዲ ውኃ ውስጥ መንከር ይመከራል። ሶፍቱ ከረጠበ እሽጉ ያፈስሳል ማለት ነው።

ማሸጊያውን በሞቃትና እርጥበት ባለው አየር መዝጋት ሌላ ችግር ያመጣል። ካሜራው ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ በውስጡ የታመቀው እርጥበት በመስኮቱ ላይ ላብ ኾኖ ይጋርደዋል። በጥላ ሥር መዝጋትና እርጥበት የሚመጥጥ ትንሽ ከረጢት ውስጡ ማኖር ይህን ይቀንሳል።

ከሥራ በኋላ መሣሪያው በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ሳይከፈት መድረቅ አለበት። ውኃ ከገባበት ባትሪውን ቻርጅ ለማድረግ መሞከር አደገኛ ነው፤ በውስጡ የታመቀ ግፊት ሊኖር ስለሚችልም ማሸጊያውን ፊትን ሳያስጠጉ፣ ቀስ ብሎ መክፈት ያስፈልጋል።

ስልክስ?

በሐይቅ ዳርቻ ስልካቸውን ወደ ውኃ እያስገቡ ፎቶ የሚያነሱ ብዙዎች ናቸው። "አይ ፒ 67" የሚል ምልክት ያለው ስልክ የተፈተነው በ1 ሜትር የረጋ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ነው። "አይ ፒ 68" ደግሞ አምራቹ ከወሰነው፣ ከዚያ ከፍ ካለ ጥልቀት በላይ አይሠራም። ፈተናው የተደረገው በአዲስ ስልክና በንጹሕ ውኃ ነው። ወድቆ የተሰነጠቀ ወይም ተከፍቶ የተጠገነ ስልክ ያንን አቅሙን ሊያጣ ይችላል። ለስፖርትና ለጉዞ የተሠሩት ትንንሽ ካሜራዎች የተሻሉ ናቸው፤ ለምሳሌ ጎፕሮ እ.አ.አ በ2016 ያወጣው "ሂሮ 5" ያለ ተጨማሪ ማሸጊያ እስከ 10 ሜትር ይችላል። ከዚያ በታች ግን ማሸጊያ የግድ ነው።

በግድብ፣ በውኃ ማማና በመሰል ተቋማት ካሜራ ለማውረድ የሚያስብ ግለሰብም ኾነ ማኅበር በቅድሚያ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ማግኘትና በሮቹን ከሚቆጣጠረው ባለሙያ ጋር መነጋገር አለበት። በር የሚከፍተው ሰው ከታች ምን እንዳለ ካላወቀ ካሜራውም፣ ካሜራውን ተከትሎ የሚገባው ሰውም ለአደጋ ይጋለጣሉ።

ካሜራው የተጣመመውን በር አያቃናም፤ የተደፈነውን ቧንቧም አይከፍትም። ችግሩ የት እንዳለ ግን ያሳያል። የግድቡ በር በደለል መያዙ ከታወቀ ደለሉ ይጠረጋል፤ ግንድ ከኾነ ተስቦ ይወጣል፤ ብረቱ ከተጣመመ የሚጠግነው ባለሙያ ይጠራል። ማሳውን አለስልሶ የሚጠብቀው አርሶ አደርም ውኃው የሚደርሰው በስንት ቀን እንደኾነ ይነገረዋል፤ ይህን ለማወቅ ሲባልም የማንም ልጅ ሳይታይ ወደማይታወቅ ውኃ አይገባም።